ጨው ቀማሿ

ያቺ ካሚዮን ደጀን አፋፍ ላይ የቆመችው በራሷ ፈቃድ ነው ቢባል ይቀላል። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ከዓባይ በረሃ እየተንፈቀፈቀች ወጣች፤ ከተማው አፍ ላይ ስትደርስ ሞተሯ ነደደና አበቃ። ጣሊያኖቹ ሞተሯን ፈትተው፣ ጎማዋን ነቅለው፣ የቀረውን ሬሳ አራት ድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ዶሮ እንቁላል ጣለባት፣ ፍየል ወጣባት። ኋላ አብዱረዛቅ የሚባል ጨው ነጋዴ ለጣሊያኑ ጣቢያ ሹም አንድ ሙክት ሰጥቶ ካሚዮኗን የራሱ አደረገ። ከተማው ሳቀበት። እሱ ግን የጎኗን ሳንቃ በማጠፊያ አሰረው፤ ሲያወርደው ጠረጴዛ ሆነ። ላዩን በሸራ ሸፈነ፣ ውስጡ ምድጃ ተከለና ሚስቱን ከሪማን "በይ እንግዲህ፣ ገደሉን የወጣ ሹፌር ሁሉ የሚርበው እዚህች ላይ ነው" አላት። እውነቱን ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን ወባ ይዞት ሞተ፤ ካሚዮኗ ለከሪማ ቀረች።

ብቻዋን አልቀረችም፤ እቴናት ነበረችላት። እቴናት ባሏ በዘመቻው ወጥቶ የቀረባት የደጀን ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ሳቋ ከካሚዮን ጡሩምባ ቀድሞ የሚሰማ። ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ያደጉ ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ቤት ሳታንኳኳ ነው የምትገባው። እንዲያም ሆኖ ሥጋ አብረው ቀምሰው አያውቁም። ደንቡ ነዋ! የእስላም ሥጋ ለክርስቲያን፣ የክርስቲያን ሥጋ ለእስላም አይሆንም። ሠርግ ቢሆን ድስቱ ሁለት ነው፣ ተዝካር ቢሆን ማዕዱ ሁለት ነው። ዓሣ መጣና ገላገላቸው። ዓሣ አንገቱ ላይ ቢላዋ አይዞርም፤ ማን ባረከው፣ ወዴት ዞሮ ታረደ የሚል ጥያቄ የለበትም። በዚያች ሳንቃ ላይ የየመኑ ሹፌርና ለጣሊያን ያደረው የሐማሴኑ አስካሪ፣ የቁይ በቅሎ ነጂና የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ ከአንድ ድስት ይበሉ ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን እንዲህ ያለ ማዕድ ሌላም ቦታ ነበረ ቢሉኝ አላምንም።

የሁለቱ የሥራ ውል አልተጻፈም። አንድ ነገር ግን እንደ መሐላ የጸና ነበር። ወጥ ያለ ቀማሽ አይሠራም፤ ስለዚህ በረመዳን ከሪማ ስትጾም ጨዉን የምትቀምሰው እቴናት ናት፣ በሁዳዴ እቴናት ስትጾም የምትቀምሰው ከሪማ ናት። ቀማሿ ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ትልሰዋለች፣ "በቃው" ወይም "ጨምሪበት" ትላለች። ጿሚዋ ታምናታለች። ከሪማ ይህን ነገር ትወደው ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው ዘንድ መታመኗን የምታውቀው በዚያች ጠብታ ነበር።

ዓሣውን የሚያመጣው ታረቀኝ ነው፤ የእቴናት ታናሽ ወንድም፣ እሷው አዝላ ያሳደገችው። ታረቀኝ አርበኛ ነበር። በረሃ የወረደ ሰው ዓባይ ዳር ተቀምጦ ምን ይሠራል? መንጠቆ ይጥላል። ከጓዶቹ የተረፈውን ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ማክሰኞና ዓርብ በማለዳ ገደሉ አጋማሽ ላይ ካለችው ሾላ ሥር ያደርሳል። ከሪማ ጨውና በርበሬ፣ አንዳንዴም ከአስካሪዎቹ በዓሣ የለወጠችውን ጥይት ከቅርጫቷ ሥር ደብቃ ትወርዳለች፣ ዓሣውን ተሸክማ ትወጣለች። እቴናት እንዳትወርድ ወንድሟ ከከተማ ከጠፋ ወዲህ ኬላ ጠባቂዎቹ ዓይናቸውን አይነቅሉባትም። ከሪማን ግን እስላም ናት፣ የነጋዴ ሚስት ናት ብለው ያሳልፏታል። ከከተማው ሰው ሾላዋን የሚያውቁ እነዚህ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከሪማን ንዳድ ጣላት። ሰኞና ማክሰኞ ከአልጋ አልወረደችም፤ ወደ ሾላዋም አልሄደችም። ረቡዕ እንደምንም ተነሥታ ካሚዮኗ ዘንድ ስትደርስ እቴናት እያነከሰች ሽንኩርት ትልጣለች።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ የምታነክሺው?"

"ስግደት ነዋ! አርባ ስግደት፣ ያውም ላንዲት ጠብታ!" እቴናት እንደ ልማዷ ሳቀች። "አንቺ ታመምሽ፣ ሹፌሮቹ ቆመዋል፣ እጄ ለመደና ሰኞ ዕለት ጠብ አድርጌ ላስኩት። የዓሣ ወጥ፣ በሁዳዴ! ከዋጥሁት በኋላ ነው የነቃሁ። ሆዴ አልቻለም፤ ትናንት የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝሁ።"

የነፍስ አባቷ ቄስ አንለይ ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ፣ መስቀላቸው የብር፣ የደጀን ሴት ግማሿ የእሳቸው የንስሐ ልጅ ናት።

"ተቆጡሽ?"

"መጀመሪያማ ተቆጡ። ኋላ 'ዓሣውን የያዘው እጅ የማን ነው? የእስላም ከሆነ ቀኖናው ይከብዳል' አሉኝ። 'አረ የወንድሜ የታረቀኝ ነው' አልኋቸው። ደስ አላቸው፤ ከሰማንያ ወደ አርባ አወረዱልኝ።"

"ሾላዋንም ነገርሻቸው?"

"ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። ግማሹን ብደብቅ ኑዛዜው ኑዛዜ ይሆናል?"

ከሪማ ሳቀች። አሁን ሲያስቡት ያ ሳቅ ያናድዳል፤ ግን ምን ታድርግ? ለነፍስ አባት የተነገረ ነገር ከዚያ እንደማይወጣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቿ ስትሰማ ያደገች ናት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቄስ አንለይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ጣቢያው ሲገቡ በዓይኗ አየቻቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሊለምኑ ነው ብላ አለፈችው።

ዓርብ በማለዳ ቅርጫቷን ይዛ ስትወርድ ኬላው ላይ ያዟት። እንደ ሌላው ቀን አላሾፉባትም፣ ቅርጫቷንም አልፈተሹም። "ተቀመጪ" ብቻ አሏት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከገደሉ የተኩስ ድምፅ መጣ፤ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም አለ። "በይ አሁን ሂጂ" አሏት። ወረደች። ሾላዋ ሥር ሰው የለም። ቅጠሉ ተበትኗል፤ ከዓሣዎቹ አንዱ ገና አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ታረቀኝን እግሩን መትተው በሕይወት ይዘውታል። በማግሥቱ በገበያው ዳር ሰቀሉት።

ከዚያማ ወሬው ማን ጠይቆ ይነሣል! አንዲት እስላም ሴት ወደ ገደሉ ወረደች፣ ኬላ ላይ ከጠባቂዎቹ ጋር ተቀመጠች፣ ተኩስ ተተኮሰ፣ ያለ አንድ ጭረት ተመለሰች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የባሏን ጨው ከእሷ ይገዙ የነበሩ ሴቶች ሌላ ጨው ሻጭ አገኙ። ውሃ ስትቀዳ ወረፋው ይሰፋላታል፤ ማንም አጠገቧ መቆም አይፈልግም።

ከሪማ ይህን ሁሉ ቻለችው። አንድ ሰው እውነቱን ያውቃል፣ እሱም እቴናት ናት ብላ ነው የቻለችው። ለለቅሶው ባቄላና ስንዴ ቀቅላ፣ በትልቅ ሰፌድ ንፍሮ ተሸክማ ሄደች። እቴናት ድንኳኑ መሐል ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች። ከሪማ "እኅቴ!" ብላ እያለቀሰች ተጠጋች። እቴናት ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን አዞረችባት። አንዲት አሮጊት ሰፌዱን ተቀበለችና ከድንኳኑ ውጭ አኖረችው። ከሪማ ስትወጣ የሰፈሩ ውሾች ንፍሮውን እየበሉ ነበር።

በሐዘን ነው አለች። ሐዘን ሰውን ያሳብዳል፣ ሲበርድላት ትናገራለች አለች። ስምንተኛው ቀን ላይ እቴናት ወደ ካሚዮኗ መጣች፤ መብላት አይቀርም። ዓሣ የሚያመጣላቸው አሁን የመንገድ ሠራተኛው ነው፤ ዲናሚት ዓባይ ውስጥ እየወረወረ የገደለውን በጆንያ ይሸጣል። ከሪማ ሸራውን ጋረደችና እጇን ያዘቻት።

"እቴናት፣ ቄስ አንለይ ናቸው።"

እቴናት እጇን አላስለቀቀችም። ዓይኗንም አልሰበረችም። "አውቃለሁ" አለች።

ከሪማ ጆሮዋን ማመን አቃታት። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዓርብ ጀምሮ። ተኩሱን ስሰማ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? በድንኳኑ መሐል ስታዋርጂኝ ታውቂ ነበር? ለውሻ ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?"

"ምን ልበል?" እቴናት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ተናዝዤ ወንድሜን አስገደልሁ ልበል? በገዛ አፌ? እናቴ የወለደችልኝን፣ አዝዬ ያሳደግሁትን? ሌላም አለ። የነፍስ አባቴን ካጋለጥሁ ማን ይፈታኛል? የታረቀኝን አርባ ማን ይቀድስለታል? ተሰቅሎ ሞቶ ያለ ፍትሐት ይቅር? አንቺ ባትሆኚም ሰዉ አንቺ ነሽ ብሏል፤ አልቋል። ደብረ ማርቆስ እኅትሽ መዲና አለችልሽ። እኔ ከዚህ ሌላ ማን አለኝ? ቻይልኝ፣ ከሪማ። ስለ ልጅነታችን ቻይልኝ።"

"የታረቀኝ ጓደኞች ይገድሉኛል እኮ!"

እቴናት ሽንኩርቷን አነሣች።

ከሪማ ራሷ ለምን አልተናገረችም የሚል ይኖራል። ለማን? የእቴናትን ወንድም ሸጠች የተባለች እስላም ሴት ቄስ ብትከስስ ከተማው ምን እንደሚላት መገመት አያቅትም። ያ ቃል ሕይወቷን የሚያተርፈው ከእቴናት አፍ ከወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠበቀች። ሁለት ቀን ጎን ለጎን ዓሣ ጠበሱ። እቴናት ሰው ፊት አታናግራትም፤ ሸራው ሲጋረድ ግን ጭልፋውን ታቀርብላታለች። ከሪማ ጠብ አድርጋ ትልሳለች። "በቃው" ትላለች። 

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው መጣ። ጋቢ የተከናነበ፣ ጢሙ ያልተላጨ፣ እንደ በቅሎ ነጂ አለንጋ የያዘ። ሳንቃው ፊት ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠ። እቴናት ስታየው ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ፈንታ ነው፤ የታረቀኝ ጓድ፣ ከአንድ ጉድጓድ የሚያድር።

"ዓሣ ልስጥህ?" አለችው ከሪማ። ሌላ የምትለው አጣች።

"ጾም ነው" አላት። ከጋቢው ሥር እፍኝ ሽምብራ ቆሎ አውጥቶ ሳንቃው ላይ አፈሰሰው። ቀጥሎ ወደ እቴናት ዞረ። "እታለም እቴናት፣ ብዙ አልናገርም። ሰው ከደመኛው ጋር ከአንድ ገበታ አይቀምስም። ይቺ ሴት የታረቀኝ ደም ካለባት አንቺ ከእሷ ጋር እህል አትቀምሺም። ከሌለባት ከዚህ ቆሎ አብራችሁ ቃሙ፤ እኔ ውሃዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሌላ ምስክር አልፈልግም።"

ከሪማ ዓይኗን እቴናት ላይ ተከለች። እፍኝ ቆሎ ነው! ከዚህ የቀለለ ነገር ማን ለማን ጠይቆ ያውቃል? ቄሱን ክሰሽ አልተባለች፤ ስም ጥሪ አልተባለች። ሁለት ፍሬ ቆሎ አፍሽ ውስጥ ጨምሪ ነው የተባለችው።

"ቅዳሴ አልወጣም" አለች እቴናት።

"ልክ ነሽ" አለ ፈንታ። "እጠብቃለሁ።"

ጠበቀ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆሎው ሳንቃው ላይ፣ ሰውየው ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ካሚዮኖች ወጡ፣ ሹፌሮች በሉ፣ ሄዱ። ከሪማ ታስተናግዳለች። እቴናት ዓሣ ትገለብጣለች፣ እዚያው የተገለበጠውን መልሳ ትገለብጣለች። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከሪማ በዓይኗ ለመነቻት፤ እቴናትም ዓይኗ እንባ ሞላ። ከሪማ ያን እንባ አይታ ትበላለች ብላ አመነች። ያች ሞኝ ልቧ አመነች።

ደወሉ ተደወለ። ፈንታ ቀና አለ። ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ከቤተ ክርስቲያን መውጣት ጀመረ፤ ከፊት ቄስ አንለይ፣ ጃንጥላቸው እንደተዘረጋ፣ መስቀላቸው በእጃቸው። መንገዳቸው በካሚዮኗ በኩል ነው። ቆም አሉ። ፈንታን አላወቁትም፤ ቆሎውን አዩ፣ ሁለቱን ሴቶች አዩ።

"እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?"

እቴናት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረደች። መስቀሉን ተሳለመች፤ ግንባሯን አስነካች፣ ከንፈሯን አስነካች። እሳቸውም "ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ ለወንድምሽ እየጸለይሁ ነው" ብለው፣ ራሷን በእጃቸው ዳስሰው አለፉ። እቴናት ለጥቂት ጊዜ ጀርባቸውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ካሚዮኗ ተመልሳ ወጣች፣ ቆሎውን ሳታይ ወደ ምድጃው ዞረች።

"እኔ ዛሬ እስከ ማታ ጾሜን እውላለሁ" አለች። "ስለ ወንድሜ ነፍስ።"

ከሪማ ጮኸች። "ጠይቃት! ወላሂ ጠይቃት! ስለ ሾላዋ ለማን እንደነገረች ጠይቃት!"

ፈንታ እቴናትን አያት። "ነግረሻል?"

"ለማንም አልነገርሁም።"

እንዲህ ነው ያለችው። ሳትንተባተብ፣ ዓሣውን እየገለበጠች።

ፈንታ ቆሎውን ፍሬ በፍሬ ለቅሞ ወደ ጋቢው መለሰ። ለከሪማ ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ያቀመምሽውን በርበሬ በልቻለሁ፣ ጨውሽን ልሻለሁ። ሴት ላይ እጄን አላነሣም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጀንን ልቀቂ። ነገ የሚመጣው ሰው እንደ እኔ አይደለም።"

ምን ትይዛለች? አንድ ነጠላ፣ የአብዱረዛቅን መቁጠሪያ ሙስባሐና ትንሿን ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚሄድ ካሚዮን ላይ ወጣች። የየመኑ ሹፌር ደንበኛዋ ነው፤ ምንም ሳይጠይቅ ጎኑ አስቀመጣት። ፈንታ መሄዷን ሊያረጋግጥ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ሞተሩ ተነሣ።

ያን ጊዜ እቴናት ከሳንቃው ጀርባ ብቅ አለች። ወረደች፣ ነጠላዋ እየወደቀ ወደ መኪናው ሮጠች። "ቆይ! ቆይልኝ፣ ከሪማ!"

የከሪማ ልብ ዘለለ። ልትናገር ነው! ዝም ማለት አልቻለችም፤ ሰው ናትና አልቻለችም። ያውም ፈንታ በሚሰማበት ልትናገር ነው። ከሪማ በመስኮቱ ወገቧ ድረስ ወጣች፣ እጇን ዘረጋችላት። ይቅር ብላት ነበር። ንፍሮውን፣ ፊት ማዞሯን፣ ቆሎውን፣ ሁሉን በዚያች ቅጽበት ይቅር ብላት ነበር።

እቴናት እያለከለከች ደረሰች። በእጇ ጭልፋ ይዛለች። እጇን ከለላ አድርጋለት፣ ወጡ እንዳይፈስባት ተጠንቅቃ ነው የሮጠችው። ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ ላይ ዘረጋችላት።

"ጨዉን ቅመሽልኝና ሂጂ" አለች። "አስካሪዎቹ ቆመዋል።"

ከሪማ ጭልፋውን አየች። መዳፏ ከልማዱ የተነሣ ተዘርግቶ ነበር፤ ሰበሰበችው። እንባ ሊመጣ ነው ስትል የመጣው ሌላ ነገር ሆነ። ድምፅዋ ጠራ፤ ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር ተሰማ።

"ራስሽ ቅመሽው። ያን ሰኞ እንደቀመስሽው ቅመሽውና ሄደሽ ለቄስ አንለይ ተናዘዢ። እሳቸው የነገርሻቸውን የት እንደሚያደርሱት ያውቃሉ።"

ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። ከሪማ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ በጎን መስተዋቱ ውስጥ ግን ሁሉ ነገር ይታያል። እቴናት ጭልፋውን እንደዘረጋች ቆማለች፣ ወጡ በክንዷ ላይ ይወርዳል። ፈንታ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እሷ እየመጣ ነው። ከካሚዮኗ ሳንቃ ዘንድ አንዱ አስካሪ ዓሣው አረረ ብሎ ይጮኻል።